ከድሬ ሙቀት ወደ ሐረር ብርድ፦ ከልጆች ጋር አንድ ሌሊት በትንሽ ብር

እህቴ ውጭ ነው የምትኖረው። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ልጆቿ በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ የተነሱትን ፎቶ ትልክልናለች። ወፍራም ጃኬት፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ የቀላ አፍንጫ። አንድ ቀን የስድስት ዓመቱ ልጄ ስልኬን ተቀበለኝና ፎቶዎቹን ደጋግሞ ሲያይ ቆየ። ከዚያ "እማዬ፣ እኛን መቼ ነው የሚበርደን?" አለኝ። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ጃኬት የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም።

በረዶ የለንም። ግን አንድ ሰዓት ተኩል በማይሞላ መንገድ ልጅ ጃኬት ለብሶ የሚያመሽበት ከተማ አለን። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ። በመኪና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙዎቻችን ሐረር የምንወጣው ለለቅሶ፣ ለሠርግ ወይም ለጉዳይ ነው። ልጆቻችንን ለማዝናናት ብለን ስንወጣ እምብዛም አይታይም። እኔ ሦስቱን ልጆቼን ይዤ እስካሁን አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ የመጀመሪያው ጊዜ ተበላሽቶብኝ ነበር፣ የኋለኞቹ ግን እንደዚያ ደስ ያለን ቀን ያለ አይመስለኝም፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደርሶ መልስ አትሂዱ። እደሩ።

የመጀመሪያው ጉዟችን የተበላሸው በዚህ ነው። የአልጋ ብር እንቆጥባለን ብለን አራት ሰዓት ላይ ከድሬ ወጣን። ስንደርስ ቀትር ሆነ። ልናይ ያሰብነው ሙዚየም ለምሳ ተዘግቷል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ትንሿ አዝሉኝ ትላለች፣ ትልቁ ራበኝ ይላል። መኪና እንዳያመልጠን ብለን አሥር ሰዓት ላይ ተመለስን። ማታ ማታ የሚመገቡትን ጅቦች አላየንም። ብርድም አላየንም። የሐረር ጥሩው ነገር የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ እኛ ደግሞ ያኔ በመሃል ያለውን ተራራ፣ ደንገጎን፣ እየወረድን ነበር። ለትራንስፖርትና ለምሳ ያወጣነው ብር ለምንም ሳይሆን ቀረ። አንድ መካከለኛ አልጋ ብንከፍል ኖሮ ሁሉንም እናገኘው ነበር።

ጊዜውን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን እመርጣለሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ማታ ደግሞ እውነተኛ ብርድ አለ። ተማሪ ላላችሁ የአጋማሽ ዓመቱ ዕረፍት በጣም ይመቻል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ደንገጎ ላይ ጭጋግ ይጥላል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር፣ የጀጎል፣ ድንጋይ መንገድም ያንሸራትታል። ረመዳን ላይ ቀን የሚበላ ቤት ማግኘት ይከብዳል፣ ምሽቱ ግን ልዩ ነው። ሸዋል ዒድ ደግሞ ከረመዳን በኋላ ባለው የስድስት ቀን ጾም ማብቂያ የሚከበር የሐረሪዎች ትልቅ በዓል ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ማየት የምትፈልጉ ከሆነ አልጋውን ቀድማችሁ ያዙ፣ ያለዚያ ልጅ ይዛችሁ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ።

አሁን ልብስ። የድሬ ልጅ ቁም ሣጥን ውስጥ ሹራብ የለም፣ ይኼን ሁላችንም እናውቃለን። ለአንድ ሌሊት ብላችሁ አዲስ ጃኬት አትግዙ። ሰልባጅ ተራ ሂዱ፣ ሞቃት ከተማ ስለሆነ ወፍራም ጃኬት ፈላጊ የለውም፣ ዋጋው ላይ በደንብ መከራከር ይቻላል። ወይም አዲስ አበባ ደርሶ ከመጣ ጎረቤት ተዋሱ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጃኬት፣ አንድ ረጅም ሱሪ፣ ሁለት ካልሲ። ካልሲውን አትርሱ። እኛ ሰንደል ጫማ የለመድን ሰዎች ነን፣ ሌሊት መጀመሪያ የሚበርደው እግር ነው። ጫማውም የተዘጋና ያረጀ ይሁን፣ አዲስ ጫማ ጀጎል ውስጥ ያቆስላል።

ከመውጣታችሁ በፊት ቀፊራ ገበያ ጎራ በሉና ሙዝና ብርቱካን ግዙ። ውኃ ከቤት ሞልታችሁ ያዙ። መንገድ ላይ በየፌርማታው ለልጅ የሚገዛ ነገር ተደምሮ ከአልጋው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፣ ይኼ ደርሶብኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መናኸሪያ ድረሱ። ሚኒባሱ ሲሞላ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ጠዋት ቶሎ ይሞላል። የመንገዱን ሁኔታ ከአንድ ቀን በፊት ሹፌሮቹን ጠይቁ፣ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጉዞው ደግሞ ሁልጊዜ በቀን ይሁን። ልጅ ጭን ላይ አስቀምጦ የወንበር ብር መቆጠብ ይቻላል፣ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይኼንን ነው። ግን ያ ጠመዝማዛ ላይ ሁለት ልጅ ጭን ላይ ይዞ መውጣት መከራ ነው። ለሁለት ልጅ አንድ ትርፍ ወንበር ክፈሉ፣ እዚህ ላይ አትሰስቱ። ሁለት ቤተሰብ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ኮንትራት መያዝ ያዋጣል፣ የፈለጋችሁበት ቦታም ያቆምላችኋል።

ስለ ማስመለስ በግልጽ እናውራ። ደንገጎ ላይ ልጅ ያስመልሰዋል። ጠዋት ፉልና ፈቲራ አጥግባችሁ አትውጡ፣ ትንሽ ዳቦ በሻይ ይበቃል። ልጁን መስኮት ጋ አስቀምጡት፣ ስልክ አትስጡት፣ ሩቅ ሩቁን ይይ። የተቆረጠ ሎሚ ማሽተት የእኔዋን ትንሿን ያድናታል። ፌስታል ሁለት ሦስት ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ጆሮዬን ደፈነኝ ካላችሁ ከረሜላ ስጡት፣ ሲውጥ ይከፈትለታል።

እየወጣችሁ ሳለ ወደ ኋላ ዞረው እንዲያዩ አድርጉ። ድሬ ታች ሜዳው ላይ ተዘርግታ ትታያለች። እኔ እዚያ ቦታ ላይ የባቡሩን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር መጀመሪያ ሐረር ሊደርስ ነበር የታሰበው። ይኼ ተራራ ግን አላሳልፍ አለ። ሐዲዱ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነና በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያ ሜዳ ላይ ሲደርስ የእኛ ከተማ ተቆረቆረች። መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ነበር የተባለችው። ልጄ ይኼን ሲሰማ "እንግዲያው ይኼ ተራራ ባይኖር እኛም አንኖርም ነበር?" አለኝ። አቦ ልጅ እኮ አንዳንዴ ያስደነግጣል።

ደንገጎ አናት ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ይገናኛችኋል። መስኮት ክፈቱ። አየሩ ሌላ ነው። ጃኬቱን እዚህ ጋ አውጡት፣ ገና ባይበርድም፣ ደስታው ነው።

ከዚያ አዴሌን አልፋችሁ ሐረማያ። ኮንትራት ከያዛችሁ ሐይቁ ጋ ለግማሽ ሰዓት ቁሙ። እኔ ልጅ ሆኜ የማውቀው ውኃ ነበር። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ደረቀ፣ የሐረር ሰው የሚጠጣው ውኃ ከዚያ ይመጣ ስለነበር ከተማው ሁሉ ተጨነቀ፣ የሐይቁ አልጋ ላይ ከብት ሲግጥ አይቻለሁ። በቅርብ ዓመታት ተመልሷል። ውኃው ላይ ወፍ ሳይ ዛሬም ዓይኔ እንባ ያቀራል። ልጆቹን ዳር ላይ አቁማችሁ አሳዩአቸው፣ ግን እንዳይገቡ። ዳሩ ጭቃ ነው፣ ሳይታሰብ ይሰምጣል። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ያጨናንቀዋል፣ እዚያ የምታወርዱት ነገር ከሌለ ዝም ብላችሁ እለፉ።

አልጋ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ከግንቡ ውጭ ያለው ተራ ሆቴል ነው። ሌላው ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ የሐረሪ ቤቶች ናቸው። እኔ ሁለተኛውን እላለሁ፣ ከልጅ ጋር ከሆነ ደግሞ ያለምንም ጥርጥር። የሐረሪ ቤት፣ በእነሱ አጠራር ጌይ ጋር፣ ውስጡ ከወለሉ ከፍ ከፍ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች አሉት፣ ነደባ ይባላሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው፦ የአባወራው፣ የሽማግሌው፣ የእንግዳው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳህን የተሞላ ነው። ወለሉ ቀይ ነው። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁትን ሰዎች ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ይኼን ልጅ ከመጽሐፍ ቢያነበው ይረሳዋል፣ ተኝቶበት ከተነሳ ግን አይረሳውም። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ድምፅ ዝቅ። የሰው ቤት ነው፣ ሆቴል አይደለም።

ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። ዋጋው በሰው ነው በክፍል? በክፍል ከሆነ ተጨማሪ ፍራሽ አንጥፈው ልጆቹን አንድ ላይ ያስተኙልናል ወይ? ውኃ አለ ወይ? የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። የሐረር ውኃ ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሮቶ ያለው ቤት ካልሆነ ልጅ ይዞ ይከብዳል። ቁርስ ከአልጋው ጋር መሆን አለመሆኑንም አረጋግጡ፣ አንዳንዱ ቤት ማርና ቂጣ ያቀርባል፣ ያ ሌላ ወጪ ይቀንስላችኋል።

ምሳ በልታችሁ ልጆቹን አስተኟቸው። አዎ፣ አስተኟቸው። ከተማውን ለማየት አትቸኩሉ። ማታ ያስፈልጋችኋል።

አሁን ጅቡ። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚያወሩት ይኼንን ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ጅብ የሚመገብበት ከግንቡ ውጭ ነው፤ የቆዩት ቦታዎች በፈላና በር በኩልና በሳንጋ በር በኩል ናቸው። ከጨለመ በኋላ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። መጋቢው በየስማቸው ይጠራቸዋል፣ እነሱም ከጨለማው ውስጥ አንድ በአንድ ይወጣሉ። መጀመሪያ የምታዩት ዓይን ብቻ ነው። ከዚያ ያ ጎበጥ ያለ ጀርባ። ሥጋውን አጭር እንጨት ላይ ያደርግና ያጎርሳቸዋል፣ አንዳንዴ እንጨቱን በጥርሱ ይዞ። ከሁሉ ትልቋ ሴቷ ናት፣ ነጥባማ ጅብ ላይ ሴት ከወንድ ትበልጣለች፣ መንጋውንም የምትመራው እሷ ናት። ሴት ልጄ ይኼን ከሰማች ጀምሮ ወንድሟን አላስቀመጠችውም።

ዋጋውን ከመጀመሩ በፊት ጨርሱ። ለቤተሰብ ስንት? ፎቶ ለብቻው ይከፈላል ወይ? ለባጃጁም የመሄጃና የመመለሻውን፣ የመጠበቂያውንም ጭምር ተስማሙ። ጨለማ ውስጥ ልጅ አቅፎ ባጃጅ መፈለግ አስቸጋሪ ነው። ሌላ ጎብኚ ከመጣ በአንድ መኪና መብራት አብራችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ደህንነቱን በተመለከተ የእኔ ሕግ ይኼ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ክንዳችሁ ላይ ሆኖ ከሩቅ ያያል፣ አይወርድም። ከዚያ በላይ ያለው እጁ ተይዞ ከመጋቢው ኋላ ይቆማል። መሮጥ የለም፣ መጮኽ የለም። ኪስና ቦርሳ ውስጥ ሳምቡሳም ሆነ ሥጋ ነክ ነገር አይኑር። ሰዎች ልጃቸውን እንጨቱን አስይዘው ሲያጎርሱ አያለሁ፤ እኔ ልጄን አላስይዝም፣ የለመደ ቢመስልም የዱር አውሬ ነው። ልጁ ከፈራ አታስገድዱት፣ አታሹፉበትም። የእኔው የስድስት ዓመቱ መጀመሪያ አባቱ ኮት ውስጥ ገባ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በራሱ ፈቃድ አንገቱን አወጣ። ጊዜ ስጡት።

ስትመለሱ ግንቡ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አሳዩአቸው። ወራባ ኑዱል ይባላሉ፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ማታ ጅቦቹ በዚያ ገብተው የተጣለ አጥንት ይለቅማሉ፣ ማንም አይነካቸውም። ዓሹራ ላይ ደግሞ ገንፎ በቅቤ ይቀርብላቸዋል፣ በደንብ ከበሉ ዓመቱ ጥሩ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። ከዚያ በኋላ ልጆቻችሁ ነደባው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ድምፅ ሲያዳምጡ ያመሻሉ። እኛ ያን ሌሊት አምስታችንም አንድ ላይ ተጣብቀን ነው የተኛነው። በርዶን ነበር። ልጄ እግሩን ሆዴ ላይ አድርጎ "በረደኝ" እያለ ይስቅ ነበር።

እሑድ ጠዋት ጀጎልን በእግር። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፣ የጥንቶቹ በሮች አምስት ነበሩ፣ መኪና የሚገባበት ስድስተኛው ኋላ የተከፈተ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመዘግበው 82 መስጊድ ቆጥሯል፣ ሁሉም 48 ሄክታር ብቻ ላይ። ይኼን ቁጥር ጨዋታ አድርጉት። እኛ እስከ ምሳ ስንት መስጊድ እናገኛለን ብለን ተወራረድን፣ ማንም ደከመኝ አላለም። ከሁሉ ጠባቡ የዕርቅ መንገድ የሚባለው ነው። ሁለት ሰው ተጣብቆ ካልሆነ አያልፍም፣ የተኳረፈም ቢሆን ሰላም ሳይባባል አይተላለፍም። የተጣሉ ልጆቻችሁን በዚያ አሳልፏቸው።

ትልቁ ገበያ፣ ጊድር መጋላ፣ ስትደርሱ በልጅ እጅ ላይ ምግብ እንዳይኖር። የሥጋ ተራው ጣሪያ ላይ ጭልፊቶች ተደርድረው ይጠብቃሉ፣ ወርደው ከእጅ ይመነትፋሉ። የትልቁን ልጄን ሳምቡሳ ክንፉ ፊቱን እየነካው ወስዶበታል። መኪና ግርግር ላይ ደግሞ የልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀር መንገዱን ሞልቶታል፣ ጠዋት ጨርቅ ሰጥታችሁ ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ለሴት ልጃችሁ ቀሚስ ማሰፋት ትችላላችሁ፣ ከየትኛውም ማስታወሻ ይሻላል።

ሙዚየም ከልጅ ጋር አንድ ብቻ ይበቃል። እኔ የራምቦን ቤት እመርጣለሁ። ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ ሐረር እየመጣ የነገደ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው፣ ቤቱን ግን ከእሱ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው የሠራው ይባላል። ለልጆቹ ይኼ ሁሉ ምንም አይደለም። ለእነሱ ባለቀለሙ የመስኮት መስታወት ነው። ፀሐይ ሲገባበት እጃቸው ቀይና ሰማያዊ ይሆናል። የድሮ ሐረር ፎቶዎቹን እናንተ እያያችሁ እነሱ በቀለሙ ይጫወታሉ። ከምሳ ሰዓት በፊት ግቡ። አስጎብኚ ከያዛችሁ መታወቂያውን እዩ፣ ዋጋ ቀድማችሁ ቁረጡ፣ ልጆች እንዳሉና በዝግታ እንደምትሄዱ ንገሩት። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ በተለይ እናቶችን። "ፎቶ ላንሳዎት እናቴ?" ማለት ምንም አይከብድም።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ሻይ በወተት፣ ሳምቡሳ፣ ሩዝ፣ ፓስታ ልጅ ይበላል፣ ለሦስት ልጅ ሁለት ሳህን ይበቃል። ሥጋ ቤቱ የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን ጠይቃችሁ ግቡ፣ እዚያ ማንም ቅር አይለውም። ሐልዋ ግን ሳትገዙ እንዳትመለሱ፣ ለጎረቤትም ጭምር። መርጣችሁና ቀምሳችሁ ግዙ።

ባቢሌና የዳካታ ድንጋዮች ቅርብ ናቸው በሚል በዚያው ቀን ለመጨመር አትሞክሩ። ያ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፣ ልጅ ይዞ ሁለቱን ማጣበቅ ሁለቱንም ማጣት ነው።

ምሳ በልታችሁ ስምንት ሰዓት ላይ መመለሻ መኪና ያዙ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወረፋው ይረዝማል። ደንገጎን መውረድ ስትጀምሩ ጃኬቱን አስወልቁ፣ ሙቀቱ በአንዴ ነው የሚመጣው፣ ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ንፋስ ይመታዋል። የእኔው ግን እምቢ አለ። ቤታችን በር ላይ እስክንደርስ ድረስ ዚፑን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ "ለአክስቴ ፎቶ አንሺኝ" አለኝ። አነሳሁትና ላክሁላት።